ቀይ መብራት ላይ የምትጠፋው መኪና

ቀመሪያ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች። በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጣችና ያገለገለች የአውሮፓ መኪና ገዛች። መኪናዋ ፍሬን ተይዞ ስትቆም ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች፤ እግር ከፍሬን ሲነሳ መልሳ ታስነሳለች። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው።

ሰንጋ ተራ መብራት ላይ ሞተሩ ጸጥ ባለ ቁጥር የሚኒባስ ሾፌሮች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "እናት፣ ጠፋችብሽ? እንግፋልሽ?" እያሉ ይስቁባት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ደከመ፤ መኪናዋም መልሳ ማስነሳት እንዳያቅታት ሞተሯን መብራት ላይ ማጥፋት ተወች። አብነት ሰፈር ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድሟ ሁመድ ደስ አለው።

"ተገላገልሽ። ተራ ባትሪ ገጥሜ ይሄን ማጥፊያ ጨርሶ እዘጋልሻለሁ። ሰው እየሳቀብን ነው።"

"የሚስቁት ሞተሩ ስለጠፋ ሳይሆን መሪውን ሴት ስለያዘች ነው፤ እሱን በባትሪ አትቀይረውም" አለችው። "ቆሜ ነዳጅ አላቃጥልም። ደጋግሞ ማስነሳት የሚችለውን ባትሪ ፈልግልኝ።"

"አገር ውስጥ የለም።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ።"

መኪናዋን ሸራ አልብሳ ክረምቱን ሙሉ በታክሲ ተመላለሰች። ጎረቤቱ ግትር አላት። ባትሪው በነጋዴ እጅ ከዱባይ ሲመጣ ሁመድ እያጉረመረመ ገጠመው፤ ለሙከራም አብሯት ወጣ። ልደታ መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ክላክስ ሲንጫጫ ሁመድ ደንግጦ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

ቀመሪያ እጁን ያዘችው። "ተወው" አለችው፤ "ስፈልገው ይነሳል።" መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን እግሯን ከፍሬኑ አላነሳችም።