ለሁለት ሰው የምትናገረው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርትና ድንች ልገዛ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ወጥቼ፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ አጠገብ አንድ ነገር አስቆመኝ። አንዱ ረዳት የገዛ ድምፁን በትንሽ ድምፅ ማጉያ ቀድቶ፣ ማጉያውን መኪናው በር ላይ አንጠልጥሎ፣ እሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሙዝ ይበላል። ማጉያው ያለ ድካም «ድሬ! ድሬ! ድሬ! የሞላ! የሞላ!» ይላል። ሰዉ ይገፋኛል፣ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋብኛል፣ እኔ ፌስታሌን ይዤ ብቻዬን እስቃለሁ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ። ይህ ዕቃ በእኔ ጊዜ ኖሮ ቢሆን ብዙነሽ የምትባለውን ልጅ አላውቃትም ነበር ብዬ አሰብኩና መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔም እዚያው ሸዋ በር ረዳት ነበርኩ። ደርግ ወድቆ ብዙም አልቆየ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጎቴ ሐረርና ድሬዳዋ ከሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ጋር ተነጋግሮ ሥራ አስገባኝ። ጥሩ አስቦ ነው። ነገር ግን በከተማው ካለው ሥራ ሁሉ መርጦ ለእኔ የማይሆነውን እንደሰጠኝ አላወቀም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ያደክመኛል። እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ሰው ስወድም ይደክመኛል። ሠርግ ቤት ውዬ ስመጣ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው እመስላለሁ። አንድ ሰው ሌላውን ሲቆጣ ከሰማሁ፣ ቁጣው ለእኔ ባይሆንም፣ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ያድራል። እናቴ «አንተ ልጅ ቆዳህ የሽንኩርት ልጣጭ ነው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ይህን ቆዳ ይዤ ነው ሸዋ በር ላይ ቆመህ ተሳፋሪ ጥራ የተባልኩት።

ሹፌሩ ጋሽ አብዱሬ ይባላሉ። ቤተሰቦቻቸው አወዳይ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ እሳቸው በወጣትነታቸው መኪና ለምደው ከተማ የቀሩ፣ ሆደ ሰፊ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን በሩን ይዤ ቆሜ «ድሬ» አልኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ እንኳ አልሰማችኝም። ጋሽ አብዱሬ በመስኮት ብቅ አሉ።

«አቦ ጥራ እንጂ! መኪና በዝምታ ይሞላል እንዴ?»

«ድሬ» አልኩ ደግሜ።

«ሱብሃነላህ! ለማን ነው የምታንሾካሹከው?»

ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ ያ ድምፅ የመጣው። «ይሄ ልጅ እስኪጠራ ድሬ ራሷ ተነስታ ወደዚህ ትመጣለች!» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዞር ስል ሳፋ ሙሉ ሳምቡሳ የያዘች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች ልጅ ቆማለች። ሳፋዋን መሬት አስቀመጠችና እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ «ድሬ! ድሬ! በነፋሻው መኪና ድሬ!» ብላ ጮኸች። መኪናው ቁርስ በልቼ ሳልጨርስ ሞላ። ቁርሱም የእሷ ሳምቡሳ ነበር፤ በግድ ነው ያጎረሰችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙነሽ ለእኔ ትጠራ ጀመር። እሷ ትጠራለች፣ እኔ ሰው አስቀምጣለሁ፣ ዕቃ ጣራ ላይ አስራለሁ። ጋሽ አብዱሬ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን ተዉት። «አላህ ለአንዱ ጉሮሮ ለአንዱ ጆሮ ይሰጣል» አሉ።

መንገዱ በራሱ ፈተና ነው። አወዳይ ስንደርስ ጫት ነጋዴው መኪናውን ይከበዋል፤ ጩኸቱ ሁሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የሚነሣ ይመስለኛል። ሐሮማያ ላይ ግን እፎይ እላለሁ። ያን ጊዜ ሐይቁ ገና ውሃ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ወፎቹ እንደ ነጭ አመድ ተበትነውበት አያለሁ። ከዚያ ደንገጎን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ይመጣና፣ ድሬዳዋ ስንገባ ሸሚዜ ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል። ማታ ቤቴ ስገባ ምግብ እንኳ ሳልቀምስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። እናቴ «ማን ነካህ?» ትላለች። «ማንም» እላለሁ። እውነቴን ነበር። ማንም አልነካኝም፤ ሁሉም ነበር የነካኝ።

ከድሬ ስመለስ ለብዙነሽ ማንጎ አመጣለሁ። ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እሷ ማንጎውን እየላጠች ታወራለች። ስለ አባቷ ታወራለች፤ የቀድሞው ጦር ሲበተን ቤት የገቡ ወታደር ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ይሰማሉ። ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ታወራለች። እኔ እሰማለሁ። አንድ ቀን ወሬዋን አቋርጣ «አንተ ጋ ሳወራ ቃሌ መሬት አይወድቅም» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ብዙ አሰብኩ። አስቤ ሳልጨርስ ሚኒባሱ ተነሣ።

እንዲህ እያልን ክረምት ገብቶ ወጣ፣ ደግሞም ገባ። ሌላ ሰው ሊጠይቃት እንዳሰበ ስሰማ አጎቴና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ወደ አባቷ፣ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ሄዱልኝ። አጎቴ ሲመለስ ፊቱ ደስታና ሐሳብ የተቀላቀለበት ነበር።

«እምቢ አላሉም» አለኝ። «‹በሰው አፍ የሚመጣ ሰው አላውቅም፤ ልጁ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ› ነው ያሉት።»

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ቤታቸው ፈላና በር አጠገብ ነው። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር የጠባቡ መንገድ ድንጋይ ያብረቀርቃል፤ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ቀጠልኩ። ጋሽ ደሳለኝ ራዲዮናቸውን አጠፉ። ሻይ መጣልኝ፤ የሟሟውን ስኳር ደጋግሜ ሳማስል አይተው ወደ መስኮቱ ዞር አሉልኝ። ያቺ ውለታ እስከ ዛሬ አትረሳኝም።

«እሺ ልጄ፣ እየሰማሁህ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ መናገር አይሆንልኝም» አልኩ። «ሰው ሲበዛ ይደክመኛል። ሥራዬም ያደክመኛል። ብዙነሽ ስትናገር ግን አይደክመኝም። ጠዋት ድምፅዋን ስሰማ ቀኑ ይቀለኛል። የቀረች ዕለት ሸዋ በር ሰው ሞልቶበት ባዶ ይሆንብኛል። ይኸው ነው። ሌላ የምነግርዎት የለኝም።»

«ስንቱ አፈኛ እዚህ ተቀምጦ ይህን ያህል አልነገረኝም» አሉ ከመስኮቱ ዞረው። «በእኔ በኩል ፈቅጃለሁ። የቀረውን እሷ ታውቃለች።»

ብዙነሽ እስከ በሩ ልትሸኘኝ ወጣች። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። ብዙነሽ ዝም ስትል ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ፈላና በር ስንደርስ ቆመች።

«መጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁህ» አለች።

«እና?»

«ሸዋ በር ባዶ ይሆንብኛል አልክ።»

«እውነቴን ነው።»

«እውነትህን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ግን አንድም ቀን አላልከኝም። ሳፋዬን ተሸክሜ ስመጣ ዛሬ ይለኛል፣ ዛሬ ይለኛል እላለሁ። ማንጎ ትሰጠኛለህ።»

«የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ! ማወቅ ብቻውን ይበቃል እንዴ? አኩርፎ ይሆን፣ አሞት ይሆን፣ ደስ ብሎት ይሆን ስል እውላለሁ። ለተሳፋሪው ባንተ ፈንታ እናገራለሁ፣ ገበያ ለምትመጣው እናትህ ባንተ ፈንታ እናገራለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ለራሴ አንተን ሆኜ እመልሳለሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለሁለት ሰው መናገር ደከመኝ።»

መልስ ልሰጣት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ይዤ የመጣሁትን ቃል ሁሉ እዚያ ቤት አራግፌው ወጥቻለሁ። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነበር። እሷም ጠበቀች፤ አልጠበቀችኝም አልልም። አንዲት ሴትዮ እንጨት የጫነች አህያ እየነዳች በመካከላችን አለፈች። አህያዋ ስታልፍ ብዙነሽ ፊቷን ጠርጋ ነበር።

የጋብቻው ነገር እዚያው ቀረ፤ መስከረም ላይ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ አክስቷ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። የሄደችው በእኛው መኪና ነው። ሻንጣዋን ጣራ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሚጠራ ስላልነበረ ጋሽ አብዱሬ ራሳቸው ወርደው ጠሩ። ሐሮማያ ስንደርስ ብዙነሽ በመስኮት ሐይቁን ታያለች፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ እሷን አያለሁ። ድሬ ስንገባ ሻንጣዋን አውርጄ ሰጠኋት። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል።

«ደህና ሁን» አለችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ለምትመጣው ቶሎ ተናገር» አለች። ሳቋ እውነተኛ ነበር። እሱ ነው የበለጠ ያመመኝ።

ረዳትነቱን ብዙም አልቆየሁበት። ጋሽ አብዱሬ ራሳቸው ናቸው እዚያው ሐረር አዲሱ ከተማ ውስጥ ራዲዮ የሚጠግን ወዳጃቸው ዘንድ ወስደው ያስለመዱኝ። በኋላ ሞባይል ሲመጣ ሞባይል ጥገና ገባሁ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ መብራት፣ አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ። ሥራዬን አገኘሁ። ብዙነሽ ድሬ ላይ አግብታ ወልዳ እንደምትኖር ሰምቻለሁ፤ ምግብ ቤቱም የእሷ ሆኗል ይባላል።

እኔም ልብስ ሰፊዋን አስካለን አገባሁ። የወደድኳት ሰሞን ላብ እያሰመጠኝ «አንቺ ጋ ስሆን አይደክመኝም» አልኳት፤ የማውቀው የፍቅር ቃል እሱ ብቻ ነው። አስካለም ዝምተኛ ናት። ሁለት ዝምተኞች በአንድ ቤት ሲኖሩ ሰላም ነው ይባላል። ሰላም ነው። ግን እኔም ምን እንደተሰማት ስገምት፣ እሷም ስትገምተኝ የዋልንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ብዙነሽ ምን እንዳለችኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ገምቶ መዋል ለካ ከሸዋ በር ጩኸት ይብስ ኖሯል።

ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። አሁን ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ይህን ተረት አላምነውም። ሳይከፈት ከርሞ የማይነቅዝ ጎተራ አላየሁም። መናገር ዛሬም ያደክመኛል። ቅዳሜ ዕለት ሽንኩርትና ድንቼን ይዤ ቤት ስገባ አስካለ ፊቴን አይታ ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ እግሯን አነሣች። ምንም አልሆንኩም ልላት ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሲመሽ ገና አልጨረስኩም ነበር።