በስሜ የቆለፍኳቸው ደብዳቤዎች

በንፋስ መውጫ በአንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ሥራ የያዝኩት ተምሬ አይደለም። መዝገብ ቤት ተቀጥሬ፣ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ መመሪያ እያነበብኩ ለመድኩት። ስለዚህ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረኝ ነበር።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሄዶ ሲመጣ፣ ኢሜይላችንን የሚይዘው ሰርቨር ዲስኩ ተቃጠለ። መጠባበቂያ ቅጂ ስለነበረኝ አልደነገጥኩም። አዲስ ዲስክ ገጥሜ ቅጂውን መለስኩ። ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተመለሱ። ነገር ግን ማንም ደብዳቤውን ልክፈት ሲል «ፈቃድ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል።

ሌላው ሰው ሊታገሥ ይችላል፤ ልጄ ግን አትችልም። ለአዋላጅነት ሥራ በማግስቱ ጠዋት ደብረ ታቦር ትፈተናለች። የፈተና ቁጥሯ ያለበት ደብዳቤ ታትሞ ካልተያዘ አያስገቡም። ደብዳቤው ደግሞ በእኔ ኢሜይል ነው የመጣው። የራሷን የኢሜይል አድራሻ ልክፈት ስትል፣ «የሴት ልጅ ደብዳቤ በአባቷ በኩል ይምጣ» ብዬ የከለከልኩ እኔ ነኝ።

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። የመጨረሻው ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል።

«አባባ፣ ገና ነው?»

«ስልክ ላይ ተጥደሽ ከምትውዪ ጸልዪ።»

«ለሰርቨሩ ነው ለእርስዎ?»

ቅጂውን ሦስት ጊዜ መለስኩ፤ ሦስት ጊዜም ያው ጽሑፍ መጣ። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም ሆነ።

ያን ጊዜ የአባቴ ጎተራ ትዝ አለኝ። ስማዳ ሳለን አባቴ የጎተራውን አፍ ራሱ በጭቃ መርጎ መዳፉን ያትምበት ነበር። ያለ እሱ ማንም አይነካውም። አንድ ክረምት ለለቅሶ እስቴ ሄዶ ወንዝ ሞልቶበት ቀረ። እናቴ ሙሉ ጎተራ አጠገብ ቆማ ከጎረቤት ገብስ ለመነች።

የፋይሎቹን ባለቤት አየሁ። ከላይ እስከ ታች የእኔ ስም ነው። በራሴ ስም ገብቼ ስለመለስኳቸው ሁሉም የእኔ ሆነዋል፤ ደብዳቤ የሚያድለው ፕሮግራም ሊያነባቸው አይችልም። ያበላሸው መብራቱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ። ባለቤትነቱን ለፕሮግራሙ መለስኩለት፤ ተከፈተ።

አትመን ወደ መናኸሪያ ሮጥን። ሚኒባሱ ሄዷል።

ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደ ደብረ ታቦር ሊነሣ ነበር። ጋቢናው ስለሞላ ጆንያው ላይ ወጣች። ቦርሳዋን ሳቀብላት፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ በእርስዎ ስም አይምጣብኝ» አለችኝ። ልጅን መጠበቅ የአባት ግዴታ ነው፤ ዛሬም እላለሁ። እኔ ግን ያደረግኩት መቆለፍ ነበር።

ደርሳ ተፈተነች። ውጤቱ የመጣው በራሷ አድራሻ ነው። ማለፏን የሰማሁት ከእናቷ ነው።