ባጁን ያወለቀው ራጅ አንሺ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ስሙን ረስቶ «ጋሽ አትተንፍስ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ በሽተኛ እያቆመ፣ «ትንፋሽ ሳብ፤ ያዝ፤ አትተንፍስ!» ሲል ኖሯል። አሁን ትንፋሽ የሚያጥረው ራሱ ነው። አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ግድግዳ ይደገፋል።

ነገሩ የጀመረው ከማዕድ ላይ ነው። ገና ሁለቴ ሳይጎርስ ይጠግባል። ሚስቱ፣ «ውጭ በልተህ መጥተህ ነው አይደል?» እያለች ታኮርፈው ነበር። ከግራ ጎኑ ያበጠው ጣፊያው ሆዱን ተጭኖት መሆኑን ያወቁት የደም ምርመራው ሲመጣ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ከልክ ያለፈ ነበር። ሐኪሟ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር መሆኑን፣ በየቀኑ ክኒን እየዋጠ ብዙ ዓመት ሊኖር እንደሚችል ነገረችው።

«ይህን በሽታ ጨረር ሊያመጣው ይችላል። የእርስዎን ያመጣው እሱ ይሁን አይሁን ግን ደምዎን አይቼ ልነግርዎት አልችልም» አለችው።

ሆስፒታሉ ኮሚቴ አቋቋመ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ከተባለ መድኃኒቱን ማንንም ደጅ ሳይጠና ያገኛል። ኮሚቴው የሚያየው ደግሞ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ የሚሞላው ራጅ አንሺ ደረቱ ላይ ከሚያደርገው ትንሽ የጨረር መለኪያ ባጅ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ራጅ ጠረጴዛ ላይ አይረጋም። እናትየው እርጉዝ ከሆነች ወይም ከፈራች ልጁን የሚይዘው እሱ ነበር፤ ያውም የተሰነጣጠቀ የጨረር መከላከያ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ። በመጀመሪያው ዓመት ባጁ ብዙ ጨረር አሳየና ሦስት ወር ከክፍሉ አገዱት። ተተኪ ስላልነበረ ክፍሉ ተዘጋ፤ እጁ የተሰበረ ልጅ ሁሉ ሌላ ከተማ ይላክ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ሲመጣ ባጁን እያወለቀ መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር። ኋላ ማውለቁም ሰለቸውና እዚያው ተወው። አብራው የምትሠራውን ባልደረባውንም ያስተማራት ይህንኑ ነው።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን ባልደረባው ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ስለ መሳቢያው እንዳታነሳ። እኔንም ከክፍሉ ያወጡኛል።»

«ብትወጪስ?»

«የት ልግባ? ካርድ ክፍል ገብቼ ካርድ ልደርድር?»

«ካርድ ጣፊያ አያሳብጥም።»

«ትቀልዳለህ አንተ!» አለች፤ አልሳቀችም። «ደሞስ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

የስብሰባውን በር ገፍቶ ገባ።

ሰብሳቢው መዝገቡን እስከ መጨረሻው ገለበጡት። «በዚህ መሠረት የወሰዱት ጨረር እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ከማገኘው አይበልጥም። ሌላ የሚሉት አለ?»

ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። መተኛት እንዴት አምሮት ነበር! ከተናገረ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ባልደረባው ግን ነገም ሕፃን ታቅፋ እዚያ ጨረር ሥር ትቆማለች።

«አለ» አለ። «ባጁን አላደርግም ነበር። መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው።»

«በገዛ እጅዎ?»

«በገዛ እጄ።»

«ታዲያ ለእርስዎ ምን ብለን እንጻፍ?»

«ለኔ ያሻችሁን ጻፉ። ሕፃን በእጅ መያዝ ግን ዛሬውኑ ይቁም። ባልደረባዬም እንደኔው ነው የምትይዘው፤ የሷም መዝገብ እውነት አይደለም።»

ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ፊቱን አይታ ገባት።

«ነገርካቸው!»

«ነገርኳቸው።»

ሳትሰናበተው ሄደች። ሊከተላት ጥቂት ተራመደና ትንፋሽ አጠረው። ወረፋ ጠባቂዎች መሃል አንዲት አሮጊት ጠጋ አሉለትና ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አንተም ራጅ ልትነሳ ነው?»

«አይ እማማ» አለ፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»