በሃምሳ የጾምኩት ጾም

ፓልምስ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለሁለት ዓመት ያህል ተንከባክቤያለሁ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ጠዋት ግፊታቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ ከዚያ ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ አብሬያቸው እቆያለሁ። ከፑንጃብ የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነበሩ። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው የጥምጥማቸውን ጨርቅ አንዱን ጫፍ እኔ ሳሎኑ ጥግ ቆሜ እወጥርላቸዋለሁ፤ እሳቸው እያጠፉ ቀስ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ስለዚህ ልጃቸው እንዳስተማረችኝ "ባባጂ" እላቸው ነበር፤ አባባ እንደማለት ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ምስር ወጥ ሠርተው፣ ቂጣ ጋግረው ምሳ ጠሩኝ። ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ጢማቸው ነጭ የሆነ የአንድ ሽማግሌ ሥዕል ተሰቅሏል። ባባጂ ድስቱን ከማማሰላቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ሲያነበንቡ አይቻለሁ። ፈራሁ። ለባዕድ አምልኮ የቀረበ መሰለኝ።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኳቸው። እዚህ ድረስ እውነት ነው።

"ምን ምን ነው የማትበሉት?"

"ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምንም አንቀምስም።"

በማግስቱ ቅቤውን ትተው በዘይት ሠርተው፣ በፕላስቲክ ሳሕን ከድነው ጠበቁኝ። "ሰዓቱ ሲደርስ ቤትሽ ትበዪዋለሽ" አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ማታ ሚድ ዊልሻየር ካለው አፓርታማችን ጀርባ፣ ትልቁ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋሁት። ሳሕኑን አጥቤ ጠዋት መለስኩላቸው።

"ጨው እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ልክ ነው።"

እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን የማይጾምበት መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ግን "ጾማችሁ አለቀ ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ "የእኛ ጾም ረጅም ነው" አልኳቸው። አንድ ጊዜ ወንድ ልጃቸውን በስልክ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩ "የምትረዳኝ ሴት ጾመኛ ናት፤ እግዚአብሔርን የምትፈራ" ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ማረም ይገባኝ ነበር። ደስ አለኝ እንጂ አላረምኩም።

ምስሩን ሲያማስሉ ስለ ሃይማኖታቸው አጀማመር ያጫውቱኛል። ጉሩ ማለት መምህር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት የመጀመሪያው ናቸው፤ አምላክ አይደሉም፤ ሲኮች ለሥዕል አይሰግዱም። ይህን ነግረውኝም ምግቡን መድፋቴን አልተውኩም። ሃይማኖቱ ከተጀመረ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል አሉኝ። የመጀመሪያው ጉሩ ወንዝ ሊታጠቡ ወርደው ሦስት ቀን ጠፉ። ሞተዋል ተብሎ ከተለቀሰ በኋላ ወጡና ሂንዱም የለም፣ ሙስሊምም የለም ብለው ተናገሩ። ከዚያ በእግራቸው አገር ለአገር ዞሩ። አንድ ከተማ ሲደርሱ ባለጸጋው ድግስ ደግሶ ሲጠራቸው ትተውት፣ አንድ ድሃ አናጢ ቤት ገብተው ደረቅ ቂጣ በሉ። ሲያርፉም የመምህርነት ወንበሩን ለልጆቻቸው አላወረሱም፤ ለደቀ መዝሙራቸው ሰጡት።

"ሦስተኛው ጉሩ ደግሞ" አሉኝ አንድ ቀን፣ "እኔን ማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ማድቤቴ ይብላ የሚል ሕግ ነበራቸው። የአገሩ ንጉሠ ነገሥት ራሱ መጥቶ ከገበሬው፣ ከጠራጊው ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ በላ ይባላል።"

"ጥሩ ንጉሥ ነው" አልኩ። የዕለቱ ሳሕን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ከሐኪም ቤት ስንወጣ "የናንተ ሰዎች ሰፈር እዚህ አቅራቢያ ነው አይደል?" አሉኝ። "ስንት ጊዜ የእኔን በልተሻል። ዛሬ እኔ የናንተን የጾም ምግብ ልብላ።" ሰበብ ፈለግሁ፤ አጣሁ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አደረግኩና ሁልጊዜ የምበላበት ምግብ ቤት አስገባኋቸው። ሌላ ቤት መውሰድ እችል ነበር። ደንግጬ ስለነበር እግሬ በለመደው ሄደ።

ባለቤቷ በዕድሜ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። በያይነቱ ለሁለት አዘዝኩ።

"ዛሬ ምን ነካሽ? ጥብስሽስ?" አሉኝ በአማርኛ።

"ዛሬ ይቅርብኝ" አልኩና በዓይኔ ለመንኳቸው። አልገባቸውም። እንግዳው በቋንቋው እንዳይገለሉ ብለው በእንግሊዝኛ ቀጠሉ።

"እሷ እኮ ከፋሲካ ወዲህ ጥብስ ብቻ ናት። ሶ፣ አሁን ጾም የለም፤ ልጹም ብትልም በሃምሳ አይፈቀድም። ለእርስዎ ግን ቬጂ አለን፣ ኦኬ?"

ባባጂ ፈገግ ብለው አመሰገኗቸው። ወደ እኔ አላዩም። በያይነቱ ሲመጣ ምስሩን ቀመሱና "ጥሩ ነው" አሉ። እኔ እንጀራውን ቆርሼ እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ።

መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፓልምስ እስክንደርስ መንገዱን እያየሁ ነበር የማወራው።

"ሳሕኑ ውስጥ የነበረውንስ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ደፋሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

በር ላይ ሲደርሱ "ዛሬ ልጄ ቶሎ ትመጣለች፤ አንቺ ሂጂ" አሉኝ። በማግስቱ ስመጣ ማድቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሳምንት ድስት አልጣዱም። ልጃቸው ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጥላቸውን እያሞቅኩ አቀረብኩላቸው። ሲያናግሩኝ እንደ ዱሮው በትሕትና ነው፤ ጨዋታው ግን ቆመ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጥምጥሙን ጫፍ ይዤ "ባባጂ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ማጠፋቸውን ሳያቆሙ ተናገሩ። "ያ ሦስተኛው ጉሩ ወንበሩን ሲቀበሉ ሽማግሌ ነበሩ። የቀድሞው ጉሩ ልጅ ቀንቶ ሰው ፊት በእግሩ መትቶ ከመቀመጫቸው ጣላቸው። እሳቸው የልጁን እግር በእጃቸው ይዘው የእኔ አጥንት በእርጅና ደርቋል፣ ለስላሳ እግርህን ጎድቶህ ይሆን አሉት።"

እንባዬ መጣ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ።

"እኔ እንደ እሳቸው አይደለሁም" አሉኝ። "እኔን አሞኛል።"

የጨርቁን ጫፍ ከእጄ ተቀበሉኝና መስታወቱ ፊት ሄዱ።

እሑድ ልጃቸው ሥራ ስለነበራት ጉርድዋራ፣ ቤተ ጸሎታቸው ማለት ነው፣ እኔ ወሰድኳቸው። ደጅ ላይ ቆሜ ልጠብቅ አሰብኩ። እሳቸው ግን "ግቢ" አሉኝ። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሁሉ በረድፍ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ ሰውዬ ቂጣ ይዞ ሲመጣ ባባጂ ሁለት እጄን እንድዘረጋ አሳዩኝ። ቅቤ ነበረበት። በላሁት። ጣፈጠኝ፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ። ሁለት ወር ሙሉ የደፋሁት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ባባጂ ሳይናገሩ ለሰውየው ምልክት ሰጡት፤ ደገመልኝ።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን እንደገና ምግብ መሥራት ጀመሩ፤ ጠረጴዛው ላይ አብረን በላን። ጨዋታቸውም ተመለሰ፤ እንደ ዱሮው ግን አልበዛም። በሁለተኛው ዓመት ጉልበታቸው ደከመና ሌላ ከተማ ያለው ወንድ ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ሴት ልጃቸው ለብቻዬ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር" አለችኝ። "እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ማድቤት ገብቶ አያውቅም ነበር። ድስት የጣደው አንቺ ስትመጪ ነው። ያቺ ሴት ትጾማለች፣ ባዶ ሆዷን አልሸኛትም ይለኝ ነበር። ምግቡን በደስታ ስለበላሽለት አመሰግናለሁ።"

መድፋቴን አልነገሯትም ማለት ነው። ባባጂ በወንድ ልጃቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው በመስኮቱ ያዩናል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ "ምንም አይደል" የሚል ቃል ወጣኝ። አቀፈችኝ። ምስጋናዋን ተቀብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።