በፍልሰታ የተማርሁት ቤዝ

የሰቆጣው የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሥራ አግኝቶ ወደ ደሴ የሄደው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ደርሷል። እኔ ወደ ልምምድ አዳራሹ የሄድሁት ስለ በዓሉ ዝግጅት ለሬዲዮ ዘገባ ልሠራ ነበር። መቅረጫዬን ከፍቼ የቡድኑን መሪ ጠየቅሁት። ኪቦርድ የሚጫወት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚያንስ፣ ሰውን እያሳቀ እሱ የማይስቅ ሰው ነው።

«ዝግጅቱ እንዴት ነው?»

«ቤዝ የለንም» አለ። «የበዓሉ አዘጋጆች ቡድኑ ካልተሟላ ዘፋኟ በፍላሽ ትዝፈን ብለዋል። እኛ ከሥር ቆመን እናጨበጭባለን።»

በፍላሽ መዝፈን ማለት ሙዚቃው ቀድሞ ተቀርጾ በሞንታርቦ፣ በትልልቁ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፣ መድረክ ላይ የሚወጣው ዘፋኝ ብቻ ነው ማለት ነው። ለቡድኑ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአበርገሌም ከፃግብጂም ከሰሃላም ሰው ወደ ከተማው የሚጎርፈው በሻደይ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ያልታየ ቡድን ለጥር ሰርግ የሚጠራው አያገኝም። ፍላሽ አንዴ ከተለመደ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተጫዋች የሚፈልግ አይኖርም።

«ሌላ ሰው አልፈለጋችሁም?»

«ፈልገናል። ክራር የሚመታ ሞልቷል፤ ቤዝ ስንላቸው ይሸሻሉ።» መቅረጫዬን አየት አደረገና፣ «እቴ፣ በየዓመቱ መጥተሽ ዜና ከምትሠሪብን አንድ ጊዜ ቤዙን ብትይዢልንስ?» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መቅረጫውን አጥፍቼ፣ «ለመማር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» ስል ጠየቅሁ። መጠየቅ ልማዴ ነው። እሱ ግን ቀልዱን ትቶ ማሰብ ጀመረ።

«ለመራቀቅ ዓመታት ይፈጃል። ለእኛ ዘፈኖች ግን እጅሽ ከታዘዘ እስከ ሻደይ ይደርሳል። ነገሩ መደጋገም ነው። መደጋገሙን ደግሞ ታውቂበታለሽ፤ ዜናሽን ስሰማ ነው የኖርሁት።»

በማግስቱ ጀመርን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጊታሩ ድምፅ ማጉያው ላይ አልተሰካም። ከዚያ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም። ቤዙ ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ፤ ማንገቻው ትከሻዬን ይቆርጣል፤ ክሮቹ ጆንያ የሚሰፋበት ሲባጎ ያህል ወፍራሞች ናቸው። መሪው በግራ እጄ የት የት እንደምጫን፣ በቀኝ እጄ ሁለት ጣት እያፈራረቅሁ ክሩን እንዴት እንደምስብ አሳየኝ። ዘፋኟ በኽምጣና ቋንቋ የሚዘፈን የአገሬውን ዜማ አነሳች። ዜማውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ድምጿ ሲወጣ ለመውጣት፣ ሲወርድ ለመውረድ፣ ስታስረዝም አብሬ ለማስረዘም ታገልሁ።

መሪው አስቆመን። «እሷን ለምንድን ነው የምትከተያት?»

«ዘፈኑ ያለው እሷ ጋ ነዋ።»

«ማሲንቆ የያዝሽ መሰለሽ እንዴ? የዘፋኝን አፍ እያየ የሚሄደው ማሲንቆ ነው። አንቺ ከከበሮው ጋር ነሽ። እሷን እርሻት።»

«እኔን ረስታ ዜና ላይ ደግሞ እንዳትረሳኝ!» አለች ዘፋኟ።

እኛ ዘፈን መስማት የለመድነው ከማሲንቆ ጋር ነው፤ ዘፋኙ የሚለውን ማሲንቆው ይደግመዋል። በዚያ ላይ የእኔ ሥራ የሚናገረውን ሰው መከተል ነው። ተናጋሪውን ትቶ ከሥሩ የሚመታውን ከበሮ ማዳመጥ ለጆሮዬ አዲስ ነገር ሆነበት። ቢሆንም እየቆየ ለመደው።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። በፍልሰታ ሞንታርቦ አንከፍትም። ማንም ደንብ ጽፎ አልለጠፈም፤ ግን ሁላችንም ጿሚዎች ነን፣ አዳራሹም ከቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም። ልምምዱ አልቆመም፤ ከበሮው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ኪቦርዱ ድምፁ ተቀንሶ፣ ዘፋኟ እያንጎራጎረች ቀጠለ። እኔም ቤዙን ሳልሰካ እጫወታለሁ፤ ሲያልቅ ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።

ቤት የተከራየሁት አንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነው። እሳቸው ሌሊት በማሕሌት ቆመው፣ ቀን አስቀድሰው፣ ደክሟቸው ይመለሳሉ። በእሳቸው ግድግዳ በኩል ሙዚቃ ማሰማት የሚታሰብ አይደለም። ደግነቱ ያልተሰካ ቤዝ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። አገጬን እንጨቱ ጫፍ ላይ ሳሳርፍ ግን ድምፁ በአጥንቴ በኩል ጆሮዬ ይደርሳል። ይህን ያወቅሁት ደክሞኝ ጊታሩ ላይ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ በኋላም ከቅዳሴ መልስ፣ አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ እለማመዳለሁ። የበለጠ እንዲሰማኝም ክሩን በኃይል እስበዋለሁ። ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈነዱ፣ ከዚያ ቆዳቸው ጠነከረ። አንድም ቀን አላስተጓጎልሁም።

አንድ ቀን ብርሃን ፈልጌ በሩን ገርበብ እንዳደረግሁ መሪጌታ ሲያልፉ አዩኝና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው ያቀፍሽው?»

«ጊታር ነው መሪጌታ። ለሻደይ እየተማርሁ ነው።»

«ስትመቺው አያለሁ፤ ድምፁን ግን አልሰማም።»

«ጾሙ እስኪፈታ አይሰማም። እርስዎንም እንዳልረብሽ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ እሱም ሱባኤ ገብቷል በይኛ!» አሉና ባለቤታቸውን ተጣሩ፤ «ነይማ፣ ሱባኤ የገባ ጊታር እይ!»

ለሬዲዮ ጣቢያው አዘጋጄም መንገር ነበረብኝ። የዘንድሮውን የሻደይ ዘገባ ሌላ ሰው እንዲሠራው፣ እኔ መድረክ ላይ ስለምሆን ስለራሴ መዘገብ እንደማልችል ነገርሁት።

«መድረክ ላይ ምን ልትሠሪ?»

«ቤዝ ልጫወት።»

«ከተሳሳትሽ ዜና ነው» አለ፤ «ካልተሳሳትሽ ግን ዜና አይደለም።»

በሙያው ትክክል ነበር።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። ልጃገረዶቹ ሻደይ የተባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ፤ ከተማው በከበሮና በእልልታ ተሞላ። የእኛ መድረክ በማግስቱ ነው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም መሣሪያ ተሰካ። ቤዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ እጅ ድምፅ ሊያወጣ ነው። ከበሮው ገባ፣ እኔም ገባሁ።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የወጣው ዜማ አልነበረም፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ጋር እየተላተሙ ይንጫጫሉ፤ አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። ዘፋኟ ማይኩን ዝቅ አደረገች።

«ድምፄን ዋጥሽው እኮ» አለችኝ።

መሪው እጄን ተመለከተ። «ቦታው ትክክል ነው። ምቱም ትክክል ነው። ግን እየደበደብሽው ነው!»

ድምፅ ማጉያውን ቀነሰው፤ መንጫጫቱ አልቀረም። እንደገና ሞከርን፤ ያው ነው። የጾሙን ሁለት ሳምንት በሙሉ የማይሰማ ጊታር ለመስማት ስታገል፣ እጄ መጎተትን ተምሮ ቀርቷል። መሪው ኪቦርዱ ላይ ክንዱን ጥሎ፣ «ለአዘጋጆቹ ልደውል እንዴ? በፍላሽ ይሁን ልበላቸው?» አለ። አልቀለደም። ከበሮ መቺው መሬት መሬት ያያል።

አልደነገጥሁም። ነገሩን እንደማንኛውም ችግር ለያይቼ አየሁት። ቦታው አልተበላሸም፣ ምቱ አልተበላሸም፤ የተበላሸው ጉልበቱ ብቻ ነው። እንዲህ ጉልበት የሚያበዛ ሰው ደግሞ በሥራዬ በየቀኑ ይገጥመኛል። መቅረጫ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ስጠይቀው እንደ ሩቅ ሰው ይጮህብኛል። ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያው ይሰማዎታል፣ አጠገብዎ እንዳለ ሰው ያናግሩት።

«አትደውል» አልሁት። «ማጉያውን መልሰህ ከፍ አድርገው።»

«ከፍ? ጣሪያው ይወርዳል።»

«ከፍ አድርገው። ጉልበቱ የእሱ ይሁን፤ የእኔ እጅ ይቀንስ።»

ከፍ አደረገው። ክሩን ነካሁት እንጂ አልሳብሁትም። ሙሉ፣ ንጹሕ ድምፅ ወጣ። ሦስተኛው ምት ላይ እጄ ልማዱን አስታውሶ ጎተተ፤ አዳራሹ ጮኸ፤ እንደገና ጀመርሁ። በእያንዳንዱ ዘፈን እንዲሁ ሆነ። ቡድኑ ሰልችቶት ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ከበሮ መቺው አብሮኝ ቀረ። ፀሐይ እስክትጠልቅ በቀስታ እየመታልኝ፣ እኔ ስጎትት እያቆመ፣ ስነካ እየቀጠለ አብረን ሠራን። ሌሎቹ ተመልሰው ሲገቡ ዘፋኟ ሳትጠየቅ ማይኩን አንስታ ዘፈነች። ስትጨርስ የተናገረችው «አሁን ለእኔም ተረፈኝ» ብቻ ነው።

በማግስቱ መድረኩ ጥግ ላይ የድምፅ ባለሙያው ፍላሹን ሰክቶ ተቀምጧል። ከተቋረጥን በዚያው ቅጽበት እንዲለቅቅ ታዟል፤ ይህንን ለመሪው በግልጽ ነግሮታል። ሜዳው በሰው ተጨናንቋል። ከበሮው ገባ፣ ገባሁ። ዘፋኟን አላየሁም፤ የከበሮ መቺውን እጅ ብቻ አየሁ። በሁለተኛው ዘፈን ከፊት የቆሙት ጎረምሶች መሬቱን እየረገጡ መጨፈር ጀመሩ፤ እግራቸው የሚያርፈው እኔ ክሩን በምነካበት ቅጽበት ነበር። ይህን ገምቼ አይደለም የምጽፈው፤ አንድ ጊዜ ሆን ብዬ አዘገየሁት፣ አብረውኝ ዘገዩ። በሥራ ዘመኔ ስንት ነገር ለሰው ተናግሬአለሁ፤ የዚያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲሰማኝ ግን አይቼ አላውቅም። አራተኛው ዘፈን ላይ አንድ ቦታ ሳትሁ፤ ከበሮ መቺው ሳቀ፣ ወዲያው ተመለስሁ። ባለሙያው ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ሲከት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ድረስ ተጫወትን።

ዕቃ ስናነሳ ከአበርገሌዋ ኒሯቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ መሪው ቀረቡ። ልጃቸውን በጥር ይድራሉ።

«የምትመጡት እንዲሁ ሙሉ ሆናችሁ ነው ወይስ ያንን የሚሰካ ነገር ይዛችሁ?» አሉት።

«ሙሉ ሆነን ነው አባባ።»

«ይሄ ሆድ ውስጥ የሚገባው ድምፅስ? እሱም ይመጣል?»

መሪው እኔን ሳያማክር፣ ዘወር ብሎም ሳያየኝ፣ የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለለ፣ «ቤዝ ተጫዋች አለን» አላቸው።