ወላጅ አምጪ ስትባል ማንን ወሰደች

ቀናተኛ መሆኔን ያወቅሁት በወንድ አይደለም። በጓደኛም አይደለም። በአንድ ሰባ ዓመት ባለፋቸው ዘበኛ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን አሁን ሳወራው እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ቆሽቴ አርሮ ነበር።

የምሠራው አቃቂ፣ አንድ የእድር አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠዋት አዳራሹ የእድርተኛው ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የኛ። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች እናት አባቶቻቸው ከሥራ እስኪገቡ እኛ ጋ ይቆያሉ። የቤት ሥራ እናሠራቸዋለን፣ ዳቦና ሻይ እንሰጣቸዋለን፣ ሲደባደቡ እንገላግላለን። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ አግዳሚዎቹ ለለቅሶ ቤት ይወጣሉ፤ ያን ቀን መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈን፣ ከትልልቆቹ የእድር ድስቶች መሀል ክፍልፋይ እንማራለን። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም የኔ ነው።

ልጅቷ ወደኛ ስትመጣ አራተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። አባት የለም፤ የት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያቺን ልጅ ማካፈል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቅማል የገባባት ጊዜ ፀጉሯን ሁለት ከሰዓት ሙሉ የለቀምኩላት እኔ ነኝ። የወር አበባ መጀመሪያ የመጣባት ቀን፣ ለእናቷ ሳትናገር፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ "ቲቸር" ብላ የጠራችው እኔን ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ለመመጻደቅ ነው። እኔ ልጅ የለኝም። ሰው "አልወለድሽም እንዴ?" ሲለኝ "ኧረ አርባ ሦስት አሉኝ!" እያልኩ እሳለቅ ነበር፤ በሆዴ የምቆጥረው ግን አንዷን ብቻ ነበር።

ዘበኛው የመጡት አምና ነው። እድሩ ነው የቀጠራቸው። ሥራቸው በር መክፈትና በር መዝጋት ነው፤ ሌላ ምንም። ልጆቹ ግን በሳምንቱ "አባባ" ማለት ጀመሩ። ለምን ብትሉኝ፣ እርሳስ በምላጭ ስለሚቀርጹ። በቃ! በር ላይ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ እርሳሱን እያዞሩ፣ ልጁን ውሎህ እንዴት ነበር፣ ማን መታህ፣ እናትህ አመማት ወይ እያሉ ይቀርጻሉ። ጫፉ መርፌ ያህላል። እኔ ከመርካቶ ገዝቼ ያመጣሁት፣ እጀታ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መቅረጫ ነበረኝ። ማን ዞር ብሎ ይየው! ጭራሽ እርሳሳቸውን እየሰበሩ በሩ ላይ ይሰለፉ ጀመር።

ስብሰባ ላይ "ምላጭ ለሕፃናት አደገኛ ነው" ብዬ አስከለከልኩ። ሽማግሌው "ልክ ነሽ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ። በማግስቱ ትንሽዬ ቢላዋ ይዘው መጡ።

ሰልፉ ውስጥ ልጅቷም ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ የምትጽፈው በእስክሪብቶ ነው። እርሳስ ምን ያደርግላታል? አንድ ቀን በመስኮት ሳይ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ዘንድ እንዲያ ስቃ አታውቅም። መስኮቱን ዘጋሁት፤ አዳራሹ ታፈነና ልጆቹ መልሰው ከፈቱት።

የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ አንድ ረቡዕ፣ የክፍሏ ልጆች ወሬ ይዘው መጡ። ልጅቷ ሦስት ቀን ተከታትላ ስላረፈደች "ወላጅ አምጪ" ተብላለች። እስከ ዓርብ ካላመጣች ክፍል አትገባም። ያረፈደችው ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እናቷ የንጋት ፈረቃ ስትሆን ትንሿን እህቷን አጥባና አብልታ መዋያ የምታደርሳት እሷ ናት። እናት ደግሞ በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። የፋብሪካው አለቃ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ይባላል።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር መላ አለው። የባጃጅ ሹፌሩ አጎት ይሆናል፤ ሱቅ ያለችው ሴትዮ አክስት ትሆናለች፤ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ልጁን ሁለት ቁጣ ተቆጥተው፣ ፈርመው ይመለሳሉ። እኔ ይህን ነገር አጥብቄ እቃወም ነበር። ከዚያ በፊት አንዱ ተማሪ "ቲቸር፣ አክስቴ ሁኚልኝ" ብሎኝ በልጆች ሁሉ ፊት አሸማቅቄዋለሁ። "እኔ የሚከራይ ዘመድ አይደለሁም፣ ውሸታም ትውልድ!" አልኩ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ እውነት ሰበክሁ። ያ ግን ለሌሎቹ ነው። እሷ ብትጠይቀኝ ዓይኔን አላሽም ነበር።

ሐሙስ ሱሪዬን ትቼ ቀሚስ ለበስኩ። እናት እናት ለመምሰል መሆኑ ነው፣ እንግዲህ አታሳፍሩኝ። ከሰዓቱን ሙሉ በአጠገቧ ተመላለስኩ። "የምትነግሪኝ ነገር የለም?" አልኳት። "የለም ቲቸር" አለችኝ። "እርግጠኛ ነሽ?" "እርግጠኛ ነኝ።" ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ቀሚሴን ለብሼ ቀረሁ።

ዓርብ ከሰዓት ስደርስ ዘበኛው ኮት ለብሰዋል። ጢማቸው ተላጭቷል፣ ቀይ ከረባት አስረዋል።

"ምነው ጋሼ፣ ሰርግ ነበረብዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነበረችኝ ልጄ፣ ጠዋት" አሉና ወደ መሬት እያዩ ሳቁ።

ምስጢር ደግሞ ልጆች ዘንድ አያድርም። አንዷ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እየዘለለች መጣችና "አባባ አያቷ ሆነው ሄዱ! ዩኒት ሊደሩ ቡና ጋበዛቸው!" አለችኝ። እኔ ከአንገት በላይ ሳቅሁ። አራት ዓመት! አራት ዓመት ፊደል በፊደል፣ ቅማል በቅማል ያሳደግኋት ልጅ፣ ሰው ሲያስፈልጋት ሄዳ የመረጠችው በር የሚዘጉትን ሽማግሌ ነው። እኔ ምን ጎደለኝ? እንዲህ ብዬ መንገድ ላይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አንድ የባጃጅ ልጅ "እህት፣ ሰላም ነው?" አለኝ።

በሳምንቱ እንደ ልማዴ የልጆቹን ውጤት ልወስድ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ፣ የተማሪዎችን ጠባይና ሰዓት የሚቆጣጠረው ሰውዬ፣ ወረቀቱን እየሰጠኝ ስለ ልጅቷ አነሳ። "አያቷን አገኘኋቸው፤ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው! ልጅቷ እኮ በሳቸው ነው ያደገችው። በጣም ነው የሚዋደዱት" አለኝ።

በሳቸው ነው ያደገችው።

"የምን አያት?" አልኩት። "የኛ ዘበኛ ናቸው እኮ።"

ምላሴን በቆረጠው! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። እኔ ልመልሰው ሞከርኩ፣ እንደ አያት ናቸው ለማለት ነው፣ እንዲህ ናቸው፣ እንዲያ ናቸው አልኩ፤ እሱ ግን ከኔ ጋር አልነበረም፣ መዝገቡን አውጥቶ ፊርማቸውን እያየ ነበር። "ሰኞ ትክክለኛዋ እናት ትምጣ። ሰውዬውም ይምጡ። አለዚያ ይቺ ልጅ ፈተናም ቢሆን በዚህ በር አትገባም" አለ። ውጤቱን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር? ከበሩ እስክወጣ ድረስ፣ አንዲት ደቂቃ ያህል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ልጅቷ አዳራሹ ጥግ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለእናቷ ስልክ ተደውሏል፤ ማን እንደተናገረባቸው አታውቅም። ሄጄ አቀፍኳት። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አራት ሆንን። ሽማግሌው ያንን ከረባት አስረዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እናት የፋብሪካ ሽርጧን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። እኔን ስታይ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ "ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ላንቺም መከራ ሆንንብሽ" አለችኝ። መሬቱ ቢውጠኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ "አለቃዬን አባቴ ሞተ ብዬ ነው ያስፈቀድኩት፣ ይቅር ይበለኝ" አለችና በጭንቀቷ መሀል ሳቀች።

ዩኒት ሊደሩ ሽማግሌውን ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። "መጀመሪያ እናትና ልጅ" አለ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ተከትዬ ገባሁ።

"እኚህን ውጭ ያሉትን ሰውዬ ያውቋቸዋል?" አላት እናትን።

ልጅቷ ጣቶቿን እያየች ነው። እናት ልጇን አየቻት፣ በሩን አየችው። ሽማግሌውን የምታውቃቸው ልጇን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ "እንዴት ዋሉ" እየተባባሉ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

"አባቴ ናቸው" አለች።

ለፋብሪካው የገደለችውን አባት ለትምህርት ቤቱ አስነሳችው። ዓይኗ አልተርገበገበም።

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። "እርስዎ ግን ዘበኛ ናቸው አላሉኝም?" አለኝ።

ልጅቷ ቀና አለች። ያኔ አወቀች። ትክ ብላ አየችኝ። እናትም አየችኝ። ከዚያ እናት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሰውዬው ዞረች።

"አዎ፣ ዘበኛ ናቸው። ምነው፣ ዘበኛ ልጅ አይወልድም እንዴ?"

ሰውዬው መዝገቡን ወዲህ ወዲያ ገለጠ። "አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም... እኔ የተነገረኝን ነው..." አለ። እናት አላስጨረሰችውም፤ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ትንሿ ልጅ፣ ልጅቷ ለምን እንደምታረፍድ አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውዬው እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻም "ግዴለም፣ ልጅቷ ክፍሏ ትግባ፤ የንጋት ፈረቃ በሆኑበት ሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ብታረፍድ እንታገሳታለን" አለ። እፎይ አልኩ። ከልቤ ነው። እናም በዚያው ትንፋሽ በእናቲቱ ቀናሁ፤ በአንዲት ቃል አባትም ልጅም አገኘች።

ሰውዬው እፍረቱን የሚያራግፍበት ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘኝ።

"ለመሆኑ እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። አስተማሪዋ ነኝ ልል ነበር፤ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝና ሌላ ፈለግሁ። ልጅቷ ቀደመችኝ።

"የሰፈር ሰው ናት" አለች።

ያለ ቁጣ ነው ያለችው፤ እሱ ነው የጎዳኝ። ሰውዬው "እንግዲያው ከቤተሰቡ ጋር ልጨርስ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን፤ አባትየውንም አሁን እጠራቸዋለሁ" ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ከረባታቸውን እየነካኩ ቁጭ ብለዋል። ሲያዩኝ ፈቀቅ አሉልኝ።

"ምን አለ ልጄ? ተባረረች?"

"አልተባረረችም ጋሼ። ክፍል ትግባ ብሏል።"

"ተመስገን!" አሉና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደኔ ዘወር አሉ። "እኔስ 'አባባ፣ ናልኝ የምለው ሌላ ሰው የለኝም' ብላኝ ነው የመጣሁት። አንቺንም ነይልኝ ብላሽ ነው?"

ከበሩ ወዲያ የእናትና የልጅ ድምፅ ይሰማል።

"አዎ ጋሼ" አልኳቸው። "እኔንም ነይልኝ ብላኝ ነው።"