ከሱራት የመጣው ጃንጥላ

እናቴ ለቅዱስ ገብርኤል የተሳለችው አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ አፓርትማችን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነው። ታናሽ ወንድሜ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ካርቱም ይግባልኝ እንጂ የወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለች። ወርቀ ዘቦ የወርቅ ክር የተሸመነበት ሐር ነው። አባቷ ካባ ሰፊ ነበሩና «ከህንድ፣ ከሱራት ያልመጣ ገለባ ነው» ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው።

ወንድሜ ካርቱም ገባ! ደውሎ «አለሁ» አለን። እልልታችንን የሰማ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበብን፤ ይደብድብ!

ማውንቴን ቪው በሚባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ አብራኝ የኮምፒውተር ዕቃ የምትበይድ የሱራት ልጅ ነበረች። ለእህቷ ሠርግ አገሯ ስትሄድ ቫኬሽኔን ወስጄ ተከተልኳት። እናቴ «ስለት ማሳደር ደግ አይደለም» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኝ ነበር።

ሱራት የድሮ ወደብ ናት ሲሉኝ ባሕር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ደለል የሞላው ወንዝና ዳሩ ላይ ያለ አሮጌ ምሽግ ነው። መርከቦቹ ድሮ ቀርተዋል፤ የሽመና ማሽን ጩኸት ግን ከየቤቱ እየወጣ ጆሮ ያደነቁራል። ጨርቅ ሻጩ ሽማግሌ ጫማዬን አስወልቀው ነጭ ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ከየት እንደሆንኩ ጓደኛዬ ስትነግራቸው «ምጽዋ!» ብለው ሳቁ፤ አያታቸው ወደዚያ ጨርቅ ይጭኑ ነበር አሉ። ቀይና አረንጓዴ ዘረጉልኝ። አቤት ማማሩ!

ቀለሙን እናቴ ትምረጥ ብዬ ከጓደኛዬ ቤት ኦክላንድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቀዩ ይሻልሻል አረንጓዴው?»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፣ ልጄ» አለች። «ወንድምሽ አረፈ። እዚያው ካርቱም። ወባ ነው አሉ።»

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ የጓደኛዬ እናት ደግፈው እንደያዙኝ ግን ትዝ ይለኛል። ድምፄ ሲመለስ «በቃ፣ ጨርቁ ይቅር!» አልኩ። ተናድጄ ነበር፣ በመልአኩም ጭምር።

«ምን ሲደረግ!» አለች። «ካርቱም ይግባልኝ አልኩ፤ አስገባልኝ። አኑርልኝ አላልኩም። ልመናዬን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ቀዩን ያዢ።»

ኦክላንድ በምንከራያት ቤተ ክርስቲያን፣ በገብርኤል ቀን፣ ቀዩ ጃንጥላ ተዘረጋ። ስለት ሲገባ ሴቶች እልል ይላሉ። ያን ቀን ግን ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እኔም ደፋሁ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ተነስታ ብቻዋን እልል አለች።